ጣሪያው ድንኳን የተሸከመ መኪና ብስክሌቱንና ጀልባውን የት ይጫን?

ዓርብ አመሻሽ ከናይሮቢ ወደ ናይቫሻ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው አንድ ዓይነት መኪና ደጋግሞ ሲያልፍ ያያል። አንዳንዱ ከፍ ያለ ላንድክሩዘር ነው፤ አንዳንዱ የኬንያ ወጣቶች አብዝተው የሚወዱት ሱባሩ ፎረስተር ነው። ሁሉም ጣሪያቸው ላይ ፍራሽ የሚያህል ሳጥን ወይም በሸራ የተጠቀለለ ትልቅ ጥቅል ተሸክመዋል። የታጠፈ ድንኳን ነው። ባለቤቱ ማምሻውን ሐይቅ ዳር ሲደርስ ይዘረጋዋል፤ በመሰላል ወጥቶም ከምድር ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይተኛል።

ችግሩ ድንኳኑ ብቻውን የማይጓዝ መሆኑ ነው። መኪናውን የያዘው ሰው የሚሄደው ለእንቅልፍ ሳይሆን ለስፖርት ነው። በሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ብስክሌት ሊነዳ፣ ኡጋንዳ ጂንጃ ላይ በነጭ ዓባይ ካያክ ሊቀዝፍ፣ በዲያኒ ወይም በዋታሙ የባሕር ዳርቻ ከሞገድ ጋር ሊጫወት፣ አለያም የኬንያ ተራራን ዐለት ሊወጣ ነው። የእነዚህ ሁሉ ዕቃ ደግሞ ድሮ የሚጫነው ዛሬ ድንኳኑ በያዘው ቦታ፣ በፖርቶመጋላው ላይ ነበር።

ብዙዎች የሚያገኙት መፍትሔ የታወቀ ነው፤ በድንኳኑ ላይ ወይም በጎኑ ጨምረው መጫን። በክልላችን መንገዶች ጣሪያው ላይ ፍየል፣ ፍራሽና የቢጫ ጀሪካን ክምር ተሸክሞ የሚበር ሚኒባስ ስላየን ‘ይኼማ ምን አላት?’ እንላለን። ነገር ግን የመኪና ጣሪያ እንደ ወር ደመወዝ ነው፤ የተወሰነ ነው፤ ድንኳኑም ገና በመጀመሪያው ቀን አብዛኛውን ወስዶታል።

የጣሪያ ድንኳን ከየት መጣ?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጣሊያን ውስጥ በትንንሽ መኪኖች ጣሪያ ላይ የሚገጠሙ ድንኳኖች ለገበያ ቀርበው ነበር። በ1970ዎቹ የምሥራቅ ጀርመን ነዋሪዎች በትራባንታቸው ጣሪያ ላይ ድንኳን ገጥመው ለዕረፍት ይወጡ ነበር። ወደ አፍሪካ ጉዞ ያለማመዱት ግን በዋነኛነት የደቡብ አፍሪካ አምራቾች ናቸው። ሸራውን አጠንክረው፣ ፖርቶመጋላውን ለጠጠር መንገድ እንዲመች አድርገው፣ ከኬፕታውን ወደ ሰሜን ለሚጓዙ ሰዎች ሸጡት።

ዛሬ በናይሮቢ፣ በአሩሻ፣ በኢንቴቤና በኪጋሊ ድንኳን የተገጠመላቸው ባለ አራት ጎማ መሪ መኪኖችን የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የመኪና ባለቤቶች ብቻ አይደለም። ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ከውጭ መጥቶ መኪና የሚከራይና የራሱን ብስክሌት በካርቶን አሽጎ ይዞ የሚመጣ ሰውም የሚገጥመው ጥያቄ ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች

የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ገልጦ የሚያነብ ሰው ‘የጣሪያ ጭነት ልክ’ የሚል ቁጥር ያገኛል። በአነስተኛና በመካከለኛ መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ግራም ነው። ይህ ቁጥር መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ የሚሠራ ነው። በውስጡም ድንኳኑ ብቻ ሳይሆን ፖርቶመጋላውና ማሰሪያው ጭምር ይቆጠራሉ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ጣሪያው 80 ኪሎ ብቻ የሚችል ከሆነ ሁለት ጎልማሶች እንዴት ይተኙበታል? የሁለቱ ክብደት ከድንኳኑ ጋር ተደምሮ ከ200 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል።

መልሱ መኪናው የቆመ መሆኑ ላይ ነው። የቆመ መኪና ጣሪያ የሚሸከመው ክብደት በቀጥታ በምሰሶዎቹ በኩል ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚገፋውም የሚጎትተውም የለም። በሚሄድ መኪና ላይ ግን ፍሬን ሲያዝ ጭነቱ ወደፊት፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን፣ ጉድጓድ ሲገባ ወደ ታች፣ ከጉድጓዱ ሲወጣ ወደ ላይ ይጎትታል። በኃይል የተመታ ጉድጓድ የ80 ኪሎውን ጭነት ለቅጽበት በእጥፍ የከበደ ያህል እንዲጫን ሊያደርገው ይችላል። አምራቾች የቆመ መኪና የሚችለውን ክብደት ለብቻው የሚገልጹት ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያው ቁጥር ብዙ እጥፍ ሆኖ ሲገኝም ሊያስደንቅ አይገባም። ‘ሁለት ሰው ካስተኛ ሁለት ብስክሌት ምን ይሆናል?’ የሚለው ክርክር የሚፈርሰውም እዚሁ ላይ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለሁለት ሰው የሚሆን የሸራ ድንኳን በአብዛኛው ከ45 እስከ 65 ኪሎ ይመዝናል። ጠንካራ ክዳን ያለው ደግሞ ከ60 ተነሥቶ ወደ 90 ይጠጋል። አሉሚኒየም ፖርቶመጋላ 25 ኪሎ ነው እንበል። የ55 ኪሎ ድንኳን ሲጨመርበት 80 ይሞላል። ልኩ 80 ለሆነ መኪና በጀቱ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በላይ 14 ኪሎ የምትመዝን አንዲት የተራራ ብስክሌት እንኳ ትርፍ ናት፤ ከ20 ኪሎ የሚበልጠው ባለ ባትሪ ብስክሌትማ ጭራሽ አይነሳም።

የመኪናው ቁጥር ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ፖርቶመጋላው የራሱ ልክ አለው፤ እግሮቹም የራሳቸው። ከሦስቱ የሚሠራው ትንሹ ነው። መቶ ኪሎ የሚችል ጣሪያ ላይ 75 ኪሎ የሚችል ዘንግ የገጠመ ሰው ያለው 75 ነው።

ከጣሪያቸው ዳርና ዳር የብረት አሸንዳ ያላቸው የቀድሞ ቅርጽ ላንድክሩዘሮች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ ፖርቶመጋላው በብዙ እግሮች አሸንዳው ላይ ስለሚቆም ክብደቱ ይበተናል። በእኛ አካባቢ የአከራዮች ምርጫ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሆኖም እነሱም ቢሆኑ የማያልቅ በጀት የላቸውም፤ ከመጠን በላይ ተጭኖባቸው ለዓመታት በጠጠር መንገድ የሄዱ አሸንዳዎች ይሰነጠቃሉ።

የቆርቆሮ ክዳን የመሰለው መንገድ

መመሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው በአብዛኛው ለአስፋልት ነው። ከማርሳቢት ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚወርደውን መንገድ፣ ወይም ዝናብ የጠጣውን የማሳይ ማራ መንገድ በልቡ ይዞ አይደለም። አንዳንድ የፖርቶመጋላ አምራቾች ከአስፋልት ውጭ ልኩ ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ እንዲል ያዝዛሉ። ያኔ የመቶ ኪሎው ፖርቶመጋላ 67 ኪሎ ገደማ ብቻ ይሆናል።

ምክንያቱ ጉድጓዱ ብቻ አይደለም። እንደ ቆርቆሮ ክዳን በቀጫጭን ሞገድ የተሸረተተ የጠጠር መንገድ መኪናውን ለሰዓታት ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጠዋል። ብረት በአንድ ትልቅ ምት ሳይሆን በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ ምቶች ይደክማል፤ ብሎን ይላላል፤ ብየዳ ይሰነጠቃል። የሚያሳስበው ነገር ይህ ጉዳት አስቀድሞ ድምፅ የማያሰማ መሆኑ ነው። ድንኳኑ ከነፖርቶመጋላው ተነቅሎ ከኋላ በሚመጣ ሞተር ሳይክል ላይ ሲወድቅ ነው የሚታወቀው።

የስበት ማዕከል

የጣሪያው ብረት ቢችል እንኳ ሁለተኛና የባሰ አደጋ አለ፤ መገልበጥ።

እያንዳንዱ መኪና ክብደቱ ሁሉ የተሰበሰበበት ነጥብ አለው፤ የስበት ማዕከል ይባላል። ይህ ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር፣ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ግን ባለበት ከቀረ፣ መኪናው በድንገተኛ መታጠፍ ለመገልበጥ ይቀርባል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የመኪኖችን የመገልበጥ ዝንባሌ ሲመዝን መነሻ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ የጎማዎቹ ስፋት ለስበት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ ሲካፈል።

ለምሳሌ ያህል 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንውሰድ። የስበት ማዕከሉ ከመሬት 70 ሴንቲ ሜትር፣ የጎማዎቹ ስፋት 155 ሴንቲ ሜትር ይሁን። 60 ኪሎ የሚመዝን ድንኳን በ195 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሲጫንበት ማዕከሉ ወደ 74.5 ይወጣል። ሌላ 60 ኪሎ የስፖርት ዕቃ እዚያው ሲጨመር 79 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። መኪናው ባዶውን ከነበረው የመረጋጋት አቅም 11 በመቶ ያህሉን አጣ ማለት ነው።

ያንኑ 60 ኪሎ ዕቃ ከጣሪያው አውርደን በመኪናው ውስጥ፣ በ80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብናስቀምጠውስ? ማዕከሉ 74.7 ላይ ይቆማል። ከድንኳኑ በላይ የጨመርነው አደጋ የለም ማለት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ከተፈለገ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

በኬንያ ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ስሌት አይደለም። ከናይሮቢ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሁሉ ወደ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ መውረድ አለበት። በማይ ማሂዩ በኩል የሚወርደው መንገድ ገደሉን ታክኮ ይጠማዘዛል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጣሊያን ምርኮኞች የሠሩት ነው፤ በ1942 ያነጹት ትንሽ ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ ድረስ ከመንገዱ ዳር ይታያል። በዚያ ቁልቁለት ከባድ መኪና ለማለፍ መሪውን በድንገት የሚያዞር፣ ጭነቱን ጣሪያው ላይ የቆለለ ሹፌር 11 በመቶው ምን እንደሆነ በአንዲት ሰከንድ ይረዳዋል። ከጎን የሚመጣው የሸለቆው ንፋስም የራሱን ድርሻ ይጨምራል።

ብስክሌት፦ ወደ ኋላ

ለብስክሌት የተሻለው ቦታ የመኪናው ኋላ ነው። ለዚህ የሚሆነው መስቀያ ተሳቢ በሚያያዝበት መንጠቆ ላይ ይገጠማል። ከመሬት ቅርብ ስለሆነ የስበት ማዕከሉን እምብዛም አያስነሳም፤ ብስክሌቱንም ራስ ላይ አንሥቶ መስቀል አያስፈልግም።

ነገር ግን ኋላም ሒሳብ አለው። መንጠቆው ወደ ታች የሚችለው ክብደት በብዙ የቤት መኪኖች ላይ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ነው። አራት ብስክሌቶች 60 ኪሎ፣ መስቀያው ራሱ 20 ኪሎ ቢሆኑ 80 ሞላ። ክብደቱ ከኋላ ጎማዎች አልፎ ስለሚንጠለጠል ደግሞ እንደ ሚዛን ዘንግ ይሠራል። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 2.7 ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ፣ ከኋላ ጎማው 1.3 ሜትር ወጣ ብሎ የተሰቀለ 80 ኪሎ፣ የኋላውን ሞላ ወይም ባሌስትራ በ118 ኪሎ ያህል ይጫነዋል፤ ከፊት ጎማዎቹ ላይ ደግሞ 38 ኪሎ ያነሣል። መሪው የቀለለ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ቀለል ማለቱም ጥሩ ዜና አይደለም።

ሰዎች ከገዙ በኋላ የሚያስተውሉት ሌላ ነገር አለ። ብዙ የሸራ ድንኳኖች የሚዘረጉት ወደ ኋላ ነው፤ መሰላላቸውም የሚወርደው ልክ ብስክሌቶቹ በተሰቀሉበት ቦታ ነው። የኋላው በር ካልተከፈተ ደግሞ ምግቡም ምድጃውም አይገኝም። ስለዚህ ድንኳኑ ከመገጠሙ በፊት በየት በኩል እንደሚከፈት መወሰን ያስፈልጋል። ኋላ ብስክሌት የሚሰቅል ሰው ድንኳኑን ወደ ጎን ቢያስከፍተው፣ መስቀያውንም እንደ በር ወደ ጎን የሚሽከረከረውን ዓይነት ቢመርጥ ከብዙ የማታ ጭቅጭቅ ይድናል።

ከጭስ ማውጫው ፊት ለፊት የዋለ ጎማ ይቀልጣል። በብስክሌት የተሸፈነ ታርጋና የኋላ መብራት በየትኛውም አገር ትራፊክ ፖሊስ ያስቆማል፤ በምሽት ደግሞ ከቅጣቱ በላይ ነው። ትርፍ ጎማው በኋላ በሩ ላይ የተሰቀለ መኪና ካላችሁ ብስክሌቱን በትርፍ ጎማው ላይ የሚያንጠለጥለውን ርካሽ መስቀያ ለአስፋልት ብቻ ተጠቀሙበት፤ የበሩ ማጠፊያ የተሠራው ለአንድ ጎማ ነው።

ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ የሚጓዘው፣ የፊት ጎማዋ የተፈታ ብስክሌት የኋላ ወንበሩ ታጥፎ ውስጥ ትገባለች። አቧራም ሌባም አያገኛትም። መድረሻው ሄልስ ጌት ከሆነ ደግሞ ብስክሌት በፓርኩ መግቢያ ላይ ይከራያል። ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ይህ ፓርክ በኬንያ በዱር እንስሳት መካከል በእግርና በብስክሌት መሄድ ከሚፈቀድባቸው ጥቂት ፓርኮች አንዱ ነው። ለአንድ ቀን ግልቢያ ሲባል አራት ብስክሌት ስምጥ ሸለቆ ድረስ ተሸክሞ መሄድ ትርጉሙ አይታየኝም።

ካያክ፦ ጣሪያው የማይቀርለት

ጣሪያውን በእርግጥ የሚፈልገው ዕቃ ካያክ ነው። የባሕርና የሐይቅ ካያክ ከ4 እስከ 5 ሜትር ይረዝማል፤ ውስጥ አይገባም፤ ኋላም አይሰቀልም። ክብደቱ ግን 25 ኪሎ ገደማ ነው። ለሚጋልብ ወንዝ የሚሠራው አጭሩ ካያክ ከ3 ሜትር በታች ሲሆን ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል።

እዚህ የድንኳኑ ዓይነት ይወስናል። በሸራ ተጠቅልሎ የሚታሰረው ድንኳን ላይ ምንም አይጫንም፤ ጥቅሉ ይጎዳል፣ ካያኩም አይረጋም። ጠንካራ ክዳን ካላቸው ድንኳኖች አንዳንዶቹ ክዳናቸው ላይ ዘንግ የሚገጠምባቸው ናቸው፤ ይሁን እንጂ ክዳኑ የሚችለው ክብደት በአምራቹ የተወሰነ ነው፣ ክዳኑን የሚያነሱት የጋዝ ክንዶችም ከጭነት ጋር አይሠሩም። ስለዚህ ማታ ማታ ካያኩ መውረድ፣ ጠዋት ጠዋት መውጣት አለበት። ሦስት ሌሊት በሦስት ቦታ ለሚያድር ሰው ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

የተሻለው መንገድ ጠባብ ድንኳን መርጦ በፖርቶመጋላው አንድ ጎን መግጠምና በቀረው ስፋት ካያኩን በጎኑ አቁሞ ማሰር ነው። ይህ ግን የጣሪያ በጀታቸው ሰፊ ለሆነ መኪኖች ብቻ ይሆናል።

አስተሳሰሩም ጥበብ ይጠይቃል። መካከሉ በሁለት ጠፍጣፋ ቀበቶ፣ አፍንጫውና ጅራቱ ደግሞ በገመድ ወደ መኪናው አካል ይታሰራል። የፊቱ ገመድ ከተዘነጋ በፍጥነት የሚገባው ንፋስ ካያኩን እንደ ማንሻ ያነሳዋል። እየተጠመዘዘ የሚጠብቀው የከባድ መኪና ማሰሪያ ለካያክ አይመከርም፤ በጸሐይ የጋለ ፕላስቲክ ሲጨመቅ ይጎብጣል፣ ጎብጦም ይቀራል። ቀበቶው በንፋስ እያፏጨ የሚያስቸግር ከሆነ አንድ ጊዜ ጠምዝዞ ማሰር ድምፁን ያጠፋዋል።

ወደ ጂንጃ የሚሄዱ ቀዛፊዎች ግን ጉዟቸው ከመኪናው በላይ የሚያሳስብ ሌላ ታሪክ አለው። በ2012 የቡጃጋሊ፣ በ2019 ደግሞ የኢሲምባ ግድብ ሥራ ሲጀምሩ ዓለም የሚያውቃቸው የነጭ ዓባይ ፏፏቴዎችና ሞገዶች ከፊሎቹ በውኃ ተውጠዋል። የቀሩት አሁንም ቀዛፊ ይስባሉ፤ ካያክና ጀልባ የሚያከራዩም በስፍራው አሉ። ለረጋ ውኃ ከሆነ ሦስትና አራት ኪሎ ብቻ የምትመዝን፣ አየር ተሞልታ የምትቀዘፍ ታጣፊ ጀልባ በጀርባ ቦርሳ ትገባለች። ድንኳን ላለው መኪና ከዚህ የሚስማማ ጀልባ አላውቅም።

የባሕር ሰሌዳና የዐለት ገመድ

በኬንያ የባሕር ዳርቻ ንፋሱ ሁለት ስም አለው። በፈረንጆቹ ዓመት መለወጫ ሰሞን ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ፣ በዓመቱ አጋማሽ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኩሲ ይባላል። በካይት የሚጎተቱ ተንሸራታቾች ወደ ዲያኒና ዋታሙ የሚወርዱት እነዚህን ተከትለው ነው። የእነሱ ዕቃ ቀላል ነው፤ ካይቱ ተጣጥፎ ቦርሳ ይገባል፤ አጭሯ ሰሌዳም ከወንበር ኋላ ትቆማለች። ረጅም የሞገድ ሰሌዳ ክብደቱ ጥቂት ኪሎ ቢሆንም ጠላቱ ሙቀት ነው። ጥቁር ክዳን ላይ ታስሮ የዋለ ሰሌዳ ሰሙ ይቀልጣል፣ ሽፋኑም ከውስጡ ሊላቀቅ ይችላል፤ ብርሃን የሚመልስ ከረጢት ያስፈልገዋል።

የዐለት ወጪዎች ዕቃ ከሁሉም ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ግድየለሽነትን የማይምረውም እሱ ነው። በ5,199 ሜትሩ ባቲያን ጫፍም ሆነ በሄልስ ጌት ፊሸር ታወር ላይ የሰውን ነፍስ የሚይዘው ገመድ ናይለን ነው። ናይለን ደግሞ የባትሪ አሲድ ሲነካው ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ጉዳቱ በዓይን ላይታይ ይችላል። ብዙ የጉዞ መኪኖች ለማቀዝቀዣው ሲሉ ሁለተኛ ባትሪ ከኋላ ይጭናሉ። ገመዱን ከዚያ ባትሪ አጠገብ፣ ከነዳጅ ጀሪካን ሥር፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ጸሐይ በሚመታው ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ አይገባም። የተዘጋ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ከወንበር ኋላ ይቀመጥ።

ጀሪካን ካነሳን፣ ስፖርት ባይሆንም ከስፖርቱ ዕቃ ጋር ቦታ የሚሻማው እሱ ነው። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው፤ ባትሪ ከሌላት የተራራ ብስክሌት ይከብዳል። ቦታውም ጣሪያው ሳይሆን ከወንበሩ ጀርባ ወለሉ ላይ ነው።

ሲመሽ

መኪናው ቆመ፤ ድንኳኑ ተዘረጋ፤ አሁን ዕቃው የት ያድራል? ብስክሌቱ በሰንሰለት ከመኪናው ጋር ይቆለፍ። ካያኩ ከመኪናው ሥር ተገልብጦ ይታሰር። ጫማ፣ ጓንትና የሕይወት አድን ጃኬት ግን ውጭ አይደሩ። ጅብ ቆዳና ላስቲክ እንደማይንቅ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ዝንጀሮውም ጎሕ ሲቀድ ተራውን ይመጣል።

ድንበር ለሚሻገሩም አንድ ቃል። የኢሲዮሎና ሞያሌ መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ በመኪና መምጣት እንደ ድሮው የጀብዱ ታሪክ አይደለም። ነገር ግን ኬንያ በግራ፣ ኢትዮጵያ በቀኝ ነው የሚነዳው። በኬንያ ከመንገዱ ዳር ወደ ሜዳው በኩል የሚከፈት ድንኳንና ዳስ፣ ሞያሌን ሲሻገር ወደ አስፋልቱ ዞሮ ይገኛል። ከመንገድ ገባ ብሎ ማደር፣ ወይም መኪናውን አዙሮ ማቆም ግድ ይሆናል።

ከማርሳቢት ወደ ሎይያንጋላኒ የሚታጠፍ ደግሞ ሌላ ባለቤት ያለው አገር ይገባል፤ ንፋስ። በቱርካና ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ 365 ተርባይኖች ተተክለው 310 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያ የሚያድር ሰው የመኪናውን አፍንጫ ወደ ንፋሱ ያዙር፤ የድንኳኑን ተዘርጊ ወገን ከንፋሱ ይከልል፤ ከክዳኑ ላይ የወረደውን ሰሌዳም ሆነ ካያክ ድንጋይ ተጭኖበት ብቻ ሳይሆን ታስሮ ያሳድር። ንፋሱ ከበረታ ድንኳኑን አጥፎ መኪናው ውስጥ ተኮራምቶ ማደር ይሻላል። ጠዋት ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የፖርቶመጋላው ብሎኖች አንድ በአንድ በቁልፍ ይጠበቁ፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና።